እየሮጠች ትመርመርልኝ

ለማሠልጠኛ ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦ ለማዕከሉ የሕክምና ቦርድ

ቀን፦ ሰኞ፤ የማጣሪያው ውድድር ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ ስትሮጥ ብቻ የሚጥላት ልጄ ተኝታ ሳይሆን እየሮጠች እንድትመረመር፣ እስከዚያም ከውድድር እንድትቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የማስገባው ሦስተኛ ማመልከቻ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ገጽ ነበር፤ ዝርዝር ይጎድለዋል ተብሎ ተመለሰልኝ። ሁለተኛው ስድስት ገጽ ሆነ፤ ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል ተባልኩ። በዚህኛው መካከለኛውን ለመያዝ ሞክሬአለሁ። ልቤ ተጨንቋልና ሥርዓት የጎደለው ቃል ካመለጠኝ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. እኔ አመልካች የመኪና ጥገና ባለሙያ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሠርቻለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የቅባት አሻራ ቢገኝ ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ማዕከልዎ ከገባች አሥራ አራት ወር ሆኗታል፤ ስምንት መቶ ሜትር ትሮጣለች። ጓደኞቿ «ፌንጣ» ይሏታል፤ አሠልጣኟም በዚሁ ስም ስለሚጠራት እንዳይምታታ እኔም እዚህ ላይ በዚሁ እጠራታለሁ። ሁለተኛ ልጃችን ናት። ታላቅ ወንድሟ ሩጫ የሚባል ነገር አይወድም፤ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እንኳ ቆሞ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። የሷ እግር ከየት እንደመጣ እናቷም እኔም አናውቅም።

2. ሕመሟ እንዲህ ነው። ስትራመድ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ ሰውነቷን ስታሟሙቅ፣ ቀስ ብላ ስትሮጥ ምንም አይነካትም። ያላትን ኃይል ሁሉ አውጥታ ስትሮጥ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ዙር ከጀመረች በኋላ፣ መጀመሪያ የግራ እጇ ጣቶች ይጨበጣሉ። ቀጥሎ አንገቷ ወደ ግራ ይዞራል። እግሯ ይህን ያልሰማ ይመስል ጥቂት እርምጃ ይሮጣል። ከዚያ ትወድቃለች፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሷ ግጥም ይላል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሲለቃት ምላሷ ተነክሶ ደም በደም ሆኖ ይገኛል፤ ለተወሰነ ጊዜም ሰው አትለይም። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ፣ አንድ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየች «እርስዎ ማን ነዎት?» ብላኛለች። ያን ቀን ጋራዥ ገብቼ አንድ ብሎን እንኳ ማጥበቅ አልቻልኩም።

በዓይኔ ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቱን ከማዕከሉ ለዕረፍት ቤት መጥታ ስትሮጥ ነው። የመጀመሪያው ወደ ማዕከልዎ ከመግባቷ በፊት በትምህርት ቤት ውድድር ላይ ነበር። ሹራቧን ይዤ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ስትወድቅ ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው አልኩ። ቤት እንደገባሁ እናቷን ተቆጣሁ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ሳታነሣ ሰማችኝና «ሁለት እንቁላል አብልቻት ነው የወጣችው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የቁርስ ነገር ነው ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ሌላውን ማሰብ ስላልፈለግሁ ነው።

3. የሕክምና ቦርዱ የጻፈልኝ ደብዳቤ «በልምምድ መዝገቡ መሠረት አትሌቷ ልምምድ አቋርጣ አታውቅም» ይላል። መዝገቡ እንዲያ እንደሚል እኔም አይቻለሁ። ለምን እንዲያ እንደሚል ግን ላስረዳ።

ልጆቹ የሚሮጡት አራት አራት ሆነው ነው። በአሠልጣኙ ደንብ ከአራቱ አንዷ ካልጨረሰች አራቱም ከመጀመሪያው ይደግማሉ። ደንቡ መተሳሰብን ለማስተማር እንደወጣ ነግረውኛል፤ አልጠራጠርም፤ መተሳሰቡንስ በደንብ ተምረዋል። አሠልጣኙ ሠላሳ ልጆች ስላሉበት በየቡድኑ ቀድማ የገባችው የሌሎቹን ሰዓት ትይዛለች፤ እሱ በመጨረሻ እየዞረ ቁጥሩን ይሰበስባል። ታዲያ ልጄ ስትወድቅ ሁለቱ በብብቷ ይዘው እየጎተቱ መስመሩን ያሳልፏታል፤ ሦስተኛዋ ሰዓቱን ትይዛለች። ከዚያ የፍራሽ መጋዘኑ ጀርባ ወስደው በጎኗ ያስተኟታል፤ እስክትነቃ አንዷ አጠገቧ ትቀመጣለች። ቁጥሩ እውነት እንዲመስል ራሳቸው አስበው ያስተካክሉታል። አሠልጣኙ አንድ ቀን በማስታወሻው ላይ «ፌንጣ ትንሽ ቀዝቅዛለች» ብሎ ጽፏል። ያን ቀን ፌንጣ ከፍራሾቹ ኋላ ደም እየተፋች ነበር።

ይህን የነገረችኝ ከቡድኑ ረጅሟ ልጅ ናት። ልጄን ጠይቄ ስመለስ እስከ ማዕከሉ በር ልትሸኘኝ ወጥታ አለቀሰችብኝ። «ጋሼ፣ አምስት ጊዜ ነው። ለአሠልጣኛችን እንዳትነግርብን፤ ለራሷ ብለን ነው» አለችኝ። አልነግርም ብዬ ቃል ገባሁላት። ቃሌን አጥፌ ይኸው ለእርስዎ ነገርኩ። እነዚህ ልጆች በዚህ ምክንያት እንዳይቀጡ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ከልጄ ጋር ሲወዳደሩ እንኳ ልጄን ተሸክመዋታል። አሠልጣኙንም አልከስም።

4. ልጄ አልተመረመረችም አልልም። የማዕከሉ ነርስ ሆስፒታል ልካታለች፤ አመሰግናለሁ። እኔም አብሬ ገብቻለሁ። ጭንቅላቷ ላይ ብዙ ሽቦ ለጣጠፉባትና አልጋ ላይ አስተኟት። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ክፈቺ፣ በረጅሙ ተንፍሺ አሏት። መብራት ብልጭ ድርግም አደረጉባት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆና እንቅልፍ ሊወስዳት ምንም አልቀራት። ልቧንም ያዩት በጀርባዋ አስተኝተው ነው። ውጤቱ «ጤናማ» ሆነ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ቦርዱ ሕመም ስላልተገኘባት ሙሉ ልምምድ ትቀጥል ሲል ወሰነ። ልጄ ወረቀቱን ስታይ አቅፋ ሳመችኝ። አሁን የልብስ ሣጥኗ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፋዋለች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ደንበኛ መጥቶ «መኪናዬ ዳገት ላይ ትጠፋለች» ቢለኝና እኔ ግቢ ውስጥ አቁሜ ሞተሯን አስነሥቼ «ይኸው ትሠራለች፣ ይዘሃት ሂድ» ብለው፣ ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም። ዳገት ማስወጣት አለብኝ። ስትጠፋ እዚያው ኮፈኑን ከፍቼ ማየት አለብኝ። ይህ ትልቅ ጥበብ አይደለም። ልጄ መኪና እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ መኪና ብትሆንማ እስካሁን እኔው አበጅቻት ነበር።

5. ይህንኑ ለሆስፒታሉ ወጣት ዶክተር ነገርኳት። ትሥቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበሯን ስባ ቀረበችኝ። የቱ እጇ ነው የሚጀምረው፣ ከመውደቋ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ፊቷስ ምን ይመስላል ብላ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከንፈሯ አመድ ይመስላል ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከአንጎል የሚነሣ የሚጥል በሽታ ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ የሚነሣው በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ነው፤ በመድኃኒት ይያዛል፣ ሰው አብሮት ይኖራል። ሁለተኛው ከልብ የሚመጣ ነው። ልብ በድካም ጊዜ ምቱ ይዛባና ደም ወደ አንጎል መድረስ ያቆማል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። «የልብ ከሆነ አንዱን ቀን ላትነሣ ትችላለች» አለችኝ። ዝም ብለሽ መድኃኒት ስጫት ብላት፣ ለአንዱ የሚሆነው ሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል ሳላውቅ አልሰጥም አለች። ማወቅ የሚቻለው እየሮጠች ስትታይ ብቻ ነው። ይህንኑ ጽፋ ሰጥታኛለች፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ሆስፒታሉ ትሬድሚል የለውም። ማዕከልዎ አለው። ሰው ባለበት እየሮጠ የልቡን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣ፣ ከነሙሉ ዕቃው የተሟላ ማሽን ነው። አጠገቡ ልብ ሲቆም በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰው መሣሪያም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክፍሉ በመስኮት ይታያል። ባለፈው ሳምንት ለሰባት ቀን በዚያ መስኮት አጠገብ አልፌአለሁ፤ አንድም ቀን ሰው ሲሮጥበት አላየሁም። ፎጣ ሊደርቅ ተሰጥቶበት ነበር።

6. ማሽኑን ለመጠየቅ ያልሄድኩበት በር የለም። የማሽኑ ኃላፊ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ነርሷ ደብዳቤ የሚጽፈው ቦርዱ ነው አለችኝ። ቦርዱ ውሳኔያችን ታውቋል፣ ቅሬታ ካለ ለሥራ አስኪያጁ አለ። የእርስዎ ጸሐፊ ደግሞ በመመሪያው መሠረት ማሽኑ የዋናው ቡድን አትሌቶች ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። ዋናው ቡድን እንዴት ይገባል ብዬ ጠየቅሁ። «ማጣሪያውን ስታልፍ» አሉኝ። «እንዳለፈች ወዲያውኑ ትመረመራለች፣ አያስቡ።»

ጸሐፊዋን አላማርርም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጥተውኛል። እንዲያውም ብዙ ከመቀመጤ የተነሣ ወንበሩ የኔ እየመሰለኝ ሌላ ባለጉዳይ ሲቀመጥበት ቅር ይለኛል። ነገር ግን ያሉኝን ቤቴ ሄጄ ሳስበው አዞረኝ። ልጄ ሙሉ ኃይሏን አውጥታ መሮጥ ትችል እንደሆነ ለመመርመር፣ አስቀድማ ሙሉ ኃይሏን አውጥታ መሮጥና ማሸነፍ አለባት ማለት ነው። ይህን መመሪያ ያወጣው ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ልጄን አስቦም አልነበረም።

7. አሁን የምጽፈውን በሁለቱ ቀዳሚ ማመልከቻዎች ላይ አልጻፍኩትም።

ልጄ ማዕከሉን ስትቀላቀል ወላጅ የሚሞላው የጤና ቅጽ ነበር። ዘጠነኛው ጥያቄ «አመልካቿ ራሷን ስታ ታውቃለች ወይም አንቀጥቅጧት ያውቃል?» ይላል። እኔ «አያውቅም» ብዬ ሞልቻለሁ። የትምህርት ቤቱ ውድድር ካለፈ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ እጄን ታይ ነበር። ብትናገረኝ ኖሮ እመልስላት ነበር፤ ዓይኗን ግን አልቻልኩትም። በእጄ ጻፍኩ፣ በእጄ ፈረምኩ።

ባለፈው ረቡዕ የፋይል ክፍሉ ሠራተኛ ያን ወረቀት አውጥተው «ታዲያ ይህ የማን ፊርማ ነው?» አሉኝ። የኔ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ አይደለችም። ቅጣት ካለው እኔ ልቀጣ፤ የፈለጋችሁት ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ያኔ ውሸቴን ያመናችሁኝ ሰዎች ዛሬ እውነቱን ስናገር አላመናችሁኝም፤ ይህን ማን ላይ እንደማሳብበው አጥቻለሁ።

8. ለምን ልጅህን ይዘህ ቤትህ አትገባም የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የጥበቃ ሠራተኛው እንኳ ጠይቆኛል። ሞክሬአለሁ። ቦርሳ ይዤ መኝታ ክፍሏ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሠሪያ እየቀየረች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ብትወስደኝ አስፋልት ላይ ብቻዬን እሮጣለሁ። እዚያ ስወድቅ የሚያነሣኝ የለም» አለችኝ። ታደርገዋለች። ይህን ግትርነት የወሰደችው ከማንም አይደለም፣ ከኔ ነው። ባዶውን ቦርሳ ይዤ ተመለስኩ። እናቷ በር ላይ ቦርሳውን አየችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አንድ ገበታ ላይ እንቀርባለን እንጂ አናወራም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን፣ ሁለታችንም አናነሣውም።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዕቃ ሳበጅ ኖሬ የራሴን ልጅ ማበጀት አልቻልኩም። ይህ በማመልከቻ የሚጻፍ ነገር አለመሆኑን ጸሐፊዋ ነግረውኛል። ይሰረዝ ካሉ ይሰረዝ።

9. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ልጄ ከማጣሪያው በፊት በማዕከሉ ትሬድሚል ላይ እየሮጠች እንድትመረመር በልዩ ሁኔታ እንዲፈቀድልኝ። ዶክተሯ ሐሙስ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ መጥታ አጠገቧ እንደምትቆም አረጋግጣልኛለች። ደመወዝ አልጠየቀችም። ማሽኑ፣ የልብ መቀስቀሻውና አንድ አልጋ ብቻ ይበቃታል።

ለ) ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ በሙሉ ኃይል እንዳትሮጥ ለአሠልጣኙ በጽሑፍ እንዲነገር። በቃል ከሆነ ልጄ ታግባባዋለች።

ሐ) ሁለቱም የማይቻል ከሆነ፣ የማይቻል መሆኑ ስምና ፊርማ ባለው ወረቀት እንዲሰጠኝ። ወረቀቱን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ብቻ አንድ ሰው ይህን አውቆ እንደወሰነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

10. የመጨረሻው ነገር የስምምነት ቅጹ ነው፤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። «በምርመራው ወቅት ሕመሙ እንዲነሣ ሆን ተብሎ እንደሚደረግ ተረድቼ ተስማምቻለሁ» ይላል። ፈርሜያለሁ። ልጄን እስክትወድቅ ድረስ አስሩጡልኝ ብሎ በጽሑፍ የለመነ አባት ከኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ብዕሩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ነው የጨረስኩት፤ ፊርማው ከዚህ ማመልከቻ ፊርማ ጋር የማይመሳሰለው ለዚህ ነው።

ቅጹ ሁለተኛ የፊርማ ቦታ አለው፤ የራሷ የልጄ ነው። ዶክተሯ ያለ እርሷ ፈቃድ አልነካትም ብላለች፤ ልክ ናት። ትናንት እሑድ ልጠይቃት ስሄድ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አጠፈችና መለሰችልኝ። «ከማጣሪያው በኋላ» አለች። ተቆጣሁ። ለመንኩ። በመጨረሻ እዚያው ጓደኞቿ ፊት አለቀስኩ። እኔ ሳለቅስ አይታ ስለማታውቅ ደነገጠችና እጄን ያዘችኝ፤ ግን አልፈረመችም። «አባዬ፣ አንተ ፈርተህ ነው። እውነት የሚያሳስብ ነገር ቢሆን እነሱ ራሳቸው ይጠሩኝ ነበር» አለችኝ።

እኔን አታምነኝም። እናንተን ግን ታምናለች፤ ዝም ስላላችሁ ደህና ነኝ ብላለች። እባክዎ አንድ ጊዜ ቢሮዎ ያስጠሯትና ፈርሚ ይበሏት። እርስዎ ካሏት ትፈርማለች። ልጄን እዘዙልኝ ብሎ መለመን ያሳፍራል፤ አፍሬአለሁ፣ ግን ለምኛለሁ።

ሲያስጠሯት ደግሞ፣ መልእክት የሚያደርሰው ሰው ቶሎ ነይ እንዳይላት አደራ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠሩሽ ከተባለች እየሮጠች ነው የምትመጣው።

ከማይጓደል አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

የአመልካች ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የፌንጣ አባት፣ የመኪና ጥገና ባለሙያ

የአትሌቷ ፊርማ፦ ..............................

አባሪ፦
የዶክተሯ ማስረጃ፣ አንድ ገጽ
የስምምነት ቅጽ፣ አንድ ገጽ፣ በከፊል የተፈረመ